ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስት ሽጉጦች

…ክብደቱ አይደለም ነገሩ፣ ክብደትማ ለምዳለች፣ ዮርድብሩ በሚባል የስዊድን ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ስታነሳና ስታወርድ ኖራ የአንድ ኪሎ ብረት አያስደነግጣትም፣ ነገሩ ሌላ ነው፣ ምን እንደሆነ ግን ሸዋሉል ለራሷም አልተናገረችውም፣ ቆማ ታያለች እንጂ። ሦስት ሽጉጥ። አረንጓዴ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አፈሙዛቸውን ወደ ኢላማው አዙረው ተጋድመዋል፣ አንዱ አርባ አምስት ካሊበር፣ አንዱ ስድስት ጎራሽ ሬቮልቨር፣ አንዱ ዘጠኝ ሚሊሜትር፣ ከሦስቱ አንዱን ዛሬ መምረጥ አለባት፣ ፖሊስ ፈቃድ የሚሰጠው በደፈናው አይደለም፣ ይሄኛው ብሎ ለይቶ ነው፣ ጉንቦርም ቅጹን ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

ጉንቦር የተኩስ ክለቡ አሠልጣኝ ናት፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ስታስተምር የኖረች፣ በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር የምትባለው፣ በስዊድንኛ ግን አንቱ የለም፣ ሸዋሉል ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ አገር ኖራ አሁንም ትልቅ ሰው አንቺ ባለች ቁጥር ምላሷ ትንሽ ይሰናከላል። በእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት ተኩሺ፣ አለቻት ጉንቦር፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ማንም አላስቸኮለሽም። ማንም። ታዲያ ለምን እስካሁን አንዱንም አላነሳችም? ቅዳሜ ረፋድ ነው፣ ጥቅምት፣ ጫካው ረጥቧል፣ ከጥዱ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከጎኗ ሁለት ሽማግሌዎች በትንሿ ካሊበር ሽጉጥ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፣ ሰላም ነው፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው።

ልጇ ሊዲያ ሰላም አይደለችም እንጂ። ሐሙስ ዕለት መጥታ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ እናት በአማርኛ ልጅ በስዊድንኛ፣ እንደ ሁልጊዜው። ማማ፣ አለች፣ እዚህ ሰፈራችን ፊቲያ የሰው ልጅ በጥይት ሲወድቅ ስንቴ አብረን አለቀስን፣ አንቺ ደግሞ ሽጉጥ ቤት ልታመጪ ነው? በብረት ሣጥን ይቆለፋል ልጄ፣ ቁልፉም እኔ ጋ ይሆናል፣ ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነው። መቆለፉን አልጠየቅኩሽም፣ ለምን እንደሆነ ነው የጠየቅኩሽ። ደስ ስለሚለኝ። ሊዲያ እናቷን ትክ ብላ አየቻት፣ የሠላሳ ዓመት ልጅ አስተያየት አይደለም፣ በሽተኛ የሚመረምር ሐኪም አስተያየት ነው፣ ከዚያ ሳትቀመጥ ሄደች፣ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

ደስታውስ እውነት ነው። የተጀመረው በጨዋታ ነበር፣ የመጋዘኑ ሠራተኞች ለመዝናኛ ብለው እዚህ መጡ፣ የሃምሳ አምስት ዓመት ሴትዮ በትንሿ ሽጉጥ አምስት ጥይት ተኮሰች፣ አምስቱም የኢላማው ጥቁር ክብ ውስጥ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ጉንቦር ብቻ አላጨበጨበችም፣ ጠጋ ብላ፣ ከዚህ በፊት ተኩሰሽ ታውቂያለሽ? አለቻት። አላውቅም። አለች ቶሎ ብላ። አንድ ጥይት ይቆጠራል እንዴ? ይሄው ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፣ በየቅዳሜው፣ ትንሿን ካሊበር አጥግባ ተኩሳ ፈተናውን ሁሉ አለፈች፣ ትንሿ ግን እንደ ጭብጨባ ናት፣ ጠቅ፣ አለቀ፣ ከእሷ የሚከብድ ትፈልጋለች፣ ለምን? ሊዲያም እንደዚያ ነው ያለችው፣ ለምን?

አርባ አምስቱ። ታነሳዋለች፣ በሁለት እጇ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ምላጩን ስትስብ ድምፁ በጆሮ መከላከያው በኩል ሳይሆን በደረቷ ይገባል፣ እጇ ወደ ላይ ይወረወራል፣ ትኩሱ ቀለህ በጎኗ ዘሎ እርጥብ መሬት ላይ ይጨሳል። አሥር። ኢላማው ላይ ቀዳዳው እንደ ኩፍኝ ተበትኗል። ምንም አይደል፣ ይለመዳል፣ ትላለች ጉንቦር።

ስድስት ጎራሹ። ይሄ ቸኩሎ አያስቸኩልም፣ ጥይቱን አንድ በአንድ በጣት ማጉረስ ነው፣ ስድስት፣ ከዚያ አራት፣ ከአፈሙዙ ከበድ ይላል፣ ክብደቱ እጇን ያረጋዋል፣ እጀታው ብቻ ትንሽ ሰፍቷታል። ዘጠኙ ጥቁሩ ውስጥ ገብተዋል፣ አንዱ ጠርዙ ላይ። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ታዲያ ለምን አትደሰትም?

ዘጠኝ ሚሊሜትሩ እዚያው ተኝቷል። ጥቁር። መነጽሯን ትወለውላለች፣ ከፔርሙዙ ሻይ ትቀዳለች፣ የጫማዋን ክር ትፈታና መልሳ ታስራለች። ያን ትሸሺዋለሽ፣ ትላለች ጉንቦር። ኧረ፣ ለመጨረሻ ላቆየው ብዬ ነው። ጉንቦር አዲስ ወረቀት ልትለጥፍ ወደ ኢላማው ትሄዳለች፣ ሰው ከፊት ካለ መሣሪያ መንካት ክልክል ነው፣ እሰይ፣ አሁን ማንም ንኪው አይላትም።

ምክንያቱም ይሄ የአባቷን ሽጉጥ ይመስላል። ናዝሬት፣ አዳማ ነው አሁን ስሙ፣ ያኔ ናዝሬት፣ አባቷ ሃምሳ አለቃ ገብረመድህን ለምሳ መጥተው ጓሮ ፊታቸውን ይላጫሉ፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወንድሟ ማስረሻ አሥራ ሁለት፣ ሽጉጡ ከነማህደሩ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ወንበር ስባ፣ ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ አወረደችው፣ ይሄን አወረደችው፣ ይሄን የሚመስል፣ ሁለት እጅ ሙሉ፣ ማስረሻ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ነበር፣ እያት ማስሬ ልትል ነው ዞር ያለችው፣ ምላጩን መሳቧን አታስታውስም፣ ድምፁንም አታስታውስም፣ የምታስታውሰው የግድግዳውን ኖራ ነው፣ ምርጉ እንደ ዱቄት ሲረግፍ፣ የማስረሻ ጉልበት ደግሞ ቀይ፣ ከዚያ ማስረሻ እየተንፏቀቀ መጥቶ ሽጉጡን ከእጇ ነጠቃት፣ አባቷ ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደሆነ ሲገቡ ብረቱ እሱ እጅ ላይ ነበር። እኔ ነኝ አባባ። አለ። እኔ ነኝ ያወረድኩት። እሷ ዝም አለች። አርባ ስምንት ዓመት ዝም። ጉልበቱ ሁለተኛ አልታጠፈም፣ ኳስ ቀረ፣ ልብስ ሰፊ ሆነ፣ የስፌት መኪናውን በግራ እግሩ ብቻ እየረገጠ፣ አባቷም እስኪሞቱ ድረስ የቤቱን ቁልፍ እንኳ በእሱ እጅ አልጣሉም፣ እጁ አያርፍም ይሉ ነበር፣ ሰው ፊት፣ እሱም አቀርቅሮ ይሰማ ነበር፣ እሷም ትሰማ ነበር፣ እሷም አቀርቅራ።

ስልኩ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሊዲያ ናት፣ አይደለችም፣ ማስረሻ። ቅዳሜ ሱቁ ጭር ሲል ይደውላል፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላወሩም። አታነሳውም። ታነሳዋለች። የጆሮ መከላከያዋን አውልቃ ከተኩሱ መስመር ወደ ኋላ፣ ወደ እንጨቱ ቤት ትሄዳለች፣ ጉንቦር ተመልሳለች፣ ሽማግሌዎቹም እንደገና መተኮስ ጀምረዋል።

ሸዋዬ፣ ምንድነው የሚፈነዳው? ይላል።

ግንበኞች ናቸው። ይሄው አፏ ላይ ደርሷል፣ ግንበኞች ናቸው፣ ቤት እየሠሩ ነው፣ ቀላል ነው፣ አርባ ስምንት ዓመት የተለማመደችው ነገር ነው። ተኩስ ነው ማስሬ፣ ትላለች። ክለብ ገብቼ ኢላማ እተኩሳለሁ፣ ዓመት አለፈኝ፣ ዛሬ የራሴን ሽጉጥ ልመርጥ ነው።

ከስልኩ ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል። 

ትመቺዋለሽ? ይላል።

እመታዋለሁ።

ያኔም አልሳትሽም።

ተናገረው። በቃ፣ እንዲህ አድርጎ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ እንደሚለካ ሰው፣ ከዚያ ይስቃል፣ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጣል፣ እሷ ደግሞ ርጥቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፣ መቼ ተቀመጠች? ፊቷ ላይ ያለው ውሃ ከጥዱ ነው ወይስ እንባ? ማስሬ፣ ትላለች፣ ወንበር ስቤ ያወረድኩት እኔ፣ የተኮስኩህ እኔ፣ አንተ ግን ለአባባ እኔ ነኝ አልክ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን…

የምን ወንበር?

ወንበሩ። ቁም ሣጥኑ ሥር ያስጠጋሁት።

ሸዋሉል፣ ይላል፣ ሙሉ ስሟን ሲጠራ ቀልድ የለም፣ ያ ቁም ሣጥን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር፣ በወንበር አትደርሺም። ትከሻዬ ላይ ነው የቆምሽው፣ ካወረድኩሽ በኋላ ነው አልጋው ላይ የተቀመጥኩት። አውርጂልኝ ብዬ የለመንኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺማ ፈርተሽ አልቅሰሻል። አባባን እኔ ነኝ ስላቸው አልዋሸሁም፣ ግማሹን ነው ያስቀረሁት።

አባባ አላመኑህም እኮ። ዕድሜ ልክህን።

አውቃለሁ። እሱ ቆጭቶኛል፣ አልዋሽሽም። አንቺ ላይ ግን አልቆጨኝም። በይ ሰው መጣ፣ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ነገ እደውላለሁ፣ ይላል፣ ድምፁ ደግሞ የዘወትሩ ሆኗል፣ እጅሽን የማያሳምመውን ምረጪ።

ተዘጋ። ስልኩን አፍጥጣ ታያለች። ሊያጽናናኝ ነው፣ ማስረሻ እንደዚያ ነው፣ ያኔም ሊያድነኝ፣ አሁንም ሊያድነኝ፣ ወንበሩን አይቻለሁ እኮ፣ በየሌሊቱ አይቼዋለሁ፣ ምን ዓይነት ወንበር? መደገፊያ ነበረው? ቀለሙስ? ትፈልጋለች፣ ቤቱን በሐሳቧ ትዞረዋለች፣ አልጋው አለ፣ ቁም ሣጥኑ አለ፣ የአባቷ ካፖርት ምስማሩ ላይ አለ፣ ወንበር የለም። ወንበር አልነበረንም። ዝቅ ያለ ዱካ ነበረን። ከእግሯ መዳፍ ሥር ደግሞ እንጨት አይደለም፣ ሙቅ ነገር ነው፣ ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ሥር አጥንት፣ የሚንቀሳቀስ፣ ቶሎ በይ የሚል።

ታውቃለች? ታውቃለች። ወይ አሁን ራሷ ፈጠረችው። የትኛውም ቢሆን ስትነሳ ጉልበቷ ይሸከማታል።

ሁሉ ደህና? ትላለች ጉንቦር። ወንድሜ ነው፣ ትላለች ሸዋሉል፣ ብዙ ዘመን እንዲህ አውርተን አናውቅም ነበር። ጉንቦር ሌላ አትጠይቅም፣ ለዚህ ነው የምትወዳት።

ዘጠኝ ሚሊሜትሩን ታነሳለች። ትጠብቃለች፣ ኖራው ይረግፋል ብላ፣ ቀይ ይመጣል ብላ። ብረት ነው፣ የቀዘቀዘ፣ የዘይት ሽታ ያለው። አሥር ትተኩሳለች፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ግራ ተሰብስበዋል፣ ለምን ወደ ግራ? እጀታው ወፍራም ነው፣ ጣቷ ምላጩን በጫፉ ብቻ ነው የሚነካው፣ ስትስብ ትጎትተዋለች፣ ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ጠዋቱን ሙሉ አላሰበችም ነበር፣ ስለ ጣት፣ ስለ እጀታ፣ ሰው ሽጉጥ ሲመርጥ የሚያስበውን። ብዙው ሰው በዚህ ነው የሚወዳደረው፣ ትላለች ጉንቦር፣ ይቀላል። ለኔ ግን ወፈረብኝ፣ ትላለች ሸዋሉል፣ ስድስት ጎራሹን አንዴ ልድገመው፣ ጠበብ ያለ እጀታ አለሽ? ጉንቦር ከሣጥኗ ቀጠን ያለ የእንጨት እጀታ ታወጣለች፣ በመፍቻ ሁለት ብሎን ፈትታ ትቀይራለች፣ እንዲህስ? እንዲህ።

ሬቮልቨር፣ ብላ ጉንቦር ቅጹ ላይ ትጽፋለች። ለሊዲያ ዛሬ እደውላለሁ፣ ትላለች ሸዋሉል በልቧ፣ በሽጉጡ አልጀምርም፣ አጎትሽ ለምን እንደሚያነክስ ልንገርሽ እላታለሁ፣ ከዚያ ትቆጣ፣ ከዚያ ትምጣ፣ ብረት ሣጥኑን ገዝተን አብረን ከግድግዳው ጋር እንሰረው ወይ ጭራሽ አይሁን ትበል፣ ግን ቁጭ ብላ ትስማ፣ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱን በፈለገችው ቋንቋ።

አሁን ስድስት። አንድ በአንድ። እጅ ይገጥማል፣ ጣት በልኩ ያርፋል፣ የአፈሙዙ ማነጣጠሪያ፣ ከሥሩ ጥቁሩ ክብ፣ ትንፋሽ። ሌላ ሐሳብ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። አይመጣም። ምላጩን ትስባለች።