አምስት መስመር ኖራ

በእኛ ቀበሌ ድሃ የለም። ባለፈው ሚያዝያ በጠራራ ፀሐይ ተፈልጎ፣ ከመቶ በላይ ከሆነ አባወራ መካከል በገዛ ፈቃዳቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ብቻ ተገኙ፤ ወንዱም ሀብታም ነበር።

ፍለጋው የተካሄደው ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ባለው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ግቢ ነው። አሠልጣኙ ውበቱ ይባላል። ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ከረባቱን አንዴ አስሮ በአንገቱ እያወለቀ የሚያጠልቅ ዓይነት ልጅ ነው። እሱ የመጣበት ርዕስ «የግል ገንዘብ ፍላጎትና ዋስትና ደረጃዎች» ይላል። እኛ የመጣንበት ርዕስ ግን ጊደር ነው። ፕሮጀክቱ ለቀበሌው አንዲት የተዳቀለች እርጉዝ ጊደር እንደሚሰጥ፣ የምትሰጠውም ለዝቅተኛው እንደሆነ ከተሰማ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር።

እንዲህ ከሆነ ዝቅተኛው ግቢውን ሞልቶ ይፈሳል ብሎ የሚያስብ ሰው እኛን አያውቀንም። ቆጣሪ ቤት ለቤት ሲመጣ እርግጥ ሀብታም የለም፤ በሬው የጎረቤት ነው፣ ላሟ የአደራ ናት፣ በጎቹን ጅብ ጨርሷቸዋል። ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ድሃ የለም። ጊደሯን በጓሮ በር ቢያስገቡለት የማይቀበል አንድም አልነበረም። በፊት ለፊት በር ግን አማች ያያል፣ የክርስትና ልጅ ያያል፣ በድንበር የተካሰሱት ጎረቤት ያያል።

ከሁሉ የባሰበት እንዳላማው ነበር። የእሱን ጉዳይ ለመረዳት ግቢው ገብቶ በሬ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ቆመዋል። ቀዩ የራሱ ነው። ጥቁሩ ጉንደ ወይን የምትነግደው እህቱ ለመኖ ብላ እሱ ዘንድ ያስቀመጠችው ነው። ልጁን ዘሪቱን ለየሺዋስ ልጅ ለአበረ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ ሁለቱ አባቶች ለአዲሱ ጎጆ አንድ አንድ በሬ ሊጥሉ ቃል ገቡ፤ ልጆቹ በጥማድ እንዲጀምሩ። እንዳላማው ጥቁሩን በአገጩ እያመለከተ «ያውላችሁ፣ ቆሟል» አለ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን እየተጎነጩ አዩት፤ በሬውም አያቸው።

በዚያው ሰዓት የልማት ሠራተኛዋ ፀደንያ መዝገቧን ታቅፋ ከች አለች።

«አያ እንዳላማው፣ ስንት በሬ አለዎት?»

ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

«ሁለት» አላት።

ከብቱን አብዝቶ ያስመዘገበ የመጀመሪያው የጎጃም ገበሬ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። እህቱ ደግሞ በሬዬን ግንቦት ሳይገባ እወስዳለሁ ብላ ላከችበት። ስለዚህ የጊደሯ ወሬ ሲሰማ እንዳላማው ከሰማይ የወረደችለት መሰለው፤ በጥቁሩ ምትክ እሷን ጥሎ ልጁን ይድራል። ለአማቹ ከፍ ብሎ ለመታየት ከሁሉ ዝቅ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። ይህንንም ለፀደንያ በጆሮዋ ሹክ ብሎ ሊጨርሰው አስቦ ነበር። ሥልጠና የሚባል ነገር ጆሮ ለጆሮ እንደማይሰጥ ማን ይንገረው?

ውበቱ መጋዘን ገብቶ ሁለት ከረጢት ኖራ አስወጣ። ለአሲዳማው መሬታችን መድኃኒት ነው ተብሎ የመጣ፣ የማከፋፈያ ቅጹ ስላልመጣ ሁለት ዓመት የተኛ ኖራ ነው። ግቢው ውስጥ በሣሩ ላይ አምስት መስመር ያሰምር ጀመር። የመጀመሪያውን ሲያሰምር እጁ ለጋስ ነበር፤ አንድ ክንድ የሚሰፋ አደረገው። እየቀጠለ ሲሄድ ኖራው እየሳሳ፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ እንደ ጨው በጣቱ ይቆነጥር ገባ።

«አንደኛ፣ የዕለት ጉርስ» አለ። «ሁለተኛ፣ የክፉ ቀን ስንቅ። ሦስተኛ፣ ዋስትና። አራተኛ፣ ዕድገት። አምስተኛ፣ የገንዘብ ነፃነት።»

«አምስተኛው ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ሳይሠሩ መብላት ነው አባቴ።»

«እሱንማ አማቼ ከጀመረው ቆየ።»

ውበቱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ስለ ሦስተኛው ደረጃ እስከ ምሳ ድረስ አስረዳን። ዋስትና ማለት ሰው ባይታመን እንኳ የሚያዝበት ነገር ነው አለ። ከዚያ እጁን አራገፈና «አሁን እያንዳንዱ ባለበት ደረጃ ላይ ይቆማል። በሐቀኝነት» አለ። የመጨረሻዋን ቃል ሲላት ድምፁ ቀጠነ።

እንግዲህ ሄድን። የመጀመሪያውን መስመር ሁላችንም የእበት ክምር እንደሚዘለል ዘለልነው። አምስተኛውን ግብር ፈርተን ተውነው። አራተኛው ላይ ጥምቀት የወጣ ሕዝብ ይመስል ተጋፋን። እኔም አራተኛው ላይ ነበርኩ፤ አንድ እግሬ ብቻ በግፊያው ሦስተኛው ላይ አረፈ።

በዚህ መካከል አምሳሉ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሳይቸኩል፣ አንደኛው ላይ ሄዶ ቆመ። አምሳሉ በሬዎቹን ሁሉ ሸጦ ደብረ ማርቆስ ስድስት ክፍል የሚከራይ ቤት የሠራ፣ ባጃጅ የገዛ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ሰው ነው። እኛ አራት ዓመት ሙሉ «በሬ የሌለው» እያልን ስናማው ኖረናል።

«ውቤ» አለ አሠልጣኙን፣ «የውጭውን በር ቆልፈኸው መጣህ?»

«ቆልፌዋለሁ ጋሼ» አለ ውበቱ። የገንዘብ ነፃነት አሠልጣኙ ጆሮው ቀላ። የስንተኛዋ ክፍል ተከራይ እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ፀደንያ መዝገቧን ገለጠች። «አቶ አምሳሉ፣ የበሬ ብዛት ዜሮ» አለች።

«መስፈርቱ በሬ ነው አይደል?» አለ አምሳሉ በትሕትና።

አራተኛው ላይ እንዳላማውና የሺዋስ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነበር። እንዳላማው ዐይኑን ከአንደኛው መስመር መንቀል አቃተው።

«እንደምን ሰነበቱ አያ እንዳላማው?» አለ የሺዋስ። «ጥቁሩ ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል! ጠግቦ አልያዝ ብሏል።»

«እሰይ፣ ይጥገብ።»

ይህን ሲባባሉ የእንዳላማው ሚስት ወለተ ማርያም ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ነጠላዋን አጠበቀች፣ ግቢውን አቋረጠችና አምሳሉ አጠገብ ሄዳ ቆመች። አምሳሉ በጨዋ ደንብ ቦታ ለቀቀላት።

«እናቴ፣ የማን ቤት ነዎት?» አለ ውበቱ።

«የእንዳላማው።»

«እሳቸው እኮ አራተኛ ላይ ናቸው።»

«ራቱን የማቀርብለት እኔ ነኝ። አራተኛ ምን እንደሚበላ አላውቅም።»

ግቢው አውካካ። ውበቱ ወረቀቱን አየ፤ ወረቀቱ ለእንዲህ ያለው የሚለው ነገር አልነበረውም። «አንድ ቤት ሁለት ደረጃ ላይ መቆም አይችልም» አለ በመጨረሻ። «ወይ እርስዎ ይውጡ፣ ወይ እሳቸው ይውረዱ።»

«ነይ ውጪ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለ እንዳላማው።

«ና አውጣኛ።»

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«የዛሬ ሳምንት እህትህ ጥቁሩን ነድታ ስትሄድስ ማን ፊት ልትቆም ነው? ዘሪቱን በምን ልትድራት ነው? በኖራ?»

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። የሺዋስ እንኳ መሬት መሬት አየ። እንዳላማው ሦስቱን መስመር አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ። እንደ ሌሎቻችን አልዘለለም። ሚስቱ አጠገብ ሲደርስ የጎማ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ሆኖ ነበር።

«አንድ በሬ ነው ያለኝ» አላት ፀደንያን። «ጻፊው።»

ፀደንያ ገጹን በጣቷ ወረደችበት። «እዚህ ሁለት ነው የሚለው።»

«ጥቁሩ የእህቴ ነው እያልኩሽ!»

«ያኔ በራስዎ አፍ ነው ያስመዘገቡት አያ። ማረሚያ የሚሞላው በመስከረሙ ቆጠራ ነው።»

«ጊደሯስ?»

«ጊደሯ ዛሬ ናት።»

እንዲህ ሆኖ አንድ በሬ ያለው ሰው ሁለት በሬ ስላለው ቀረ፤ ስድስት ክፍል ያለው ሰው በሬ ስለሌለው ወሰደ። ጊደሯን ከአጥሩ ጀርባ አምጥተው ገመዷን ለአምሳሉ አስያዙት። ውበቱ ከአከራዩ ጋር ፎቶ ተነሣ። እኛ አራተኛዎቹ አጨበጨብን፤ ካጨበጨብንም በኋላ ዳቦና ውኃ ታደለን።

ስንበተን የሺዋስ በሩ ላይ እንዳላማውን ጠበቀው።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለው።

«በሬው የእህቴ ነው። ሰምተዋል።»

«እሱንማ ዱሮ አውቃለሁ። ጉንደ ወይን ገበያ ስትገዛው ያሻሻጥኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ያፈረ ሰው ይከፍላል፣ አያ እንዳላማው። ባሕር ዛፍዎን ሸጠውም ይሁን እህትዎን ለምነው በሬውን ያስቀሩት ነበር፤ ሰው ያያል ብለው። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ እያየ ወረዱ። ከእንግዲህ በምን ልያዝዎት?»

ውበቱ እስከ ምሳ የፈጀበትን የዋስትና ትምህርት የሺዋስ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ከዚያ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መንገዱን ቀጠለ። ነገሩ በዚያ አበቃ፤ ሽማግሌም አልተላከ፣ ይቅርታም አልተባለ።

ግንቦት ላይ አበረ የአምሳሉን ልጅ ሂዊን አገባ። ጊደሯም ከሙሽራዋ ጋር ተነድታ የሺዋስ ግቢ ገባች፤ በሰኔ ወለደች። ሰርጉ ላይ ሁላችንም ተጠርተን በላን፣ መረቅንም። እንዳላማውና ወለተ ማርያም አልተጠሩም።

ዘሪቱ ወሬውን ስትሰማ ድንች ትኮተኩት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አበረን ሦስት ጊዜ አይታዋለች፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጥቁሩ በሬ ነበር የጠየቃት።

«ለካ ከበሬው ጋር ነው የተጫጨው» አለች። «እንኳን ሳይሳካለት ቀረ፤ ይዋጉ ነበር።»

እናቷ ሳቀች። አባቷ ያን ቀን አልሳቀም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ቀዩን እያጠጣ ለብቻው ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

እህቱ በቀጠሮዋ መጥታ ጥቁሩን ወሰደች። አሁን ቀዩ ከእኔ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለት ቀን የእሱን ማሳ፣ ሁለት ቀን የእኔን እናርሳለን። እኔም ያለኝ አንድ ነው። ይህን ሚያዝያ ላይ አላነሣሁትም።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ የግቢውን ኖራ አሰረገው። ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው መስመር በነበረበት ቦታ ሣሩ እስከ ጉልበት አደገ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንድ ክንድ የሚሰፋ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ አለ፤ ከዚያ እየሳሳ ይሄድና አምስተኛው የት እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ግቢው ውስጥ ከብት ማስገባት ክልክል ነው። ወለተ ማርያም ግን ከእርሻ ስንመለስ ቀንበሩን ታስወርደንና ሁለቱን በሬዎች እዚያው አንደኛው ደረጃ ላይ ታስራቸዋለች። ፀደንያ አይታ አልመዘገበችውም። በሬዎቹ ጠግበው እስኪተኙ ድረስ ቀና ብለው ወደ ላይኛው መስመር አያዩም።