ስቱኮ እንቢ ያለው ግድግዳ

ረቡዕ ጠዋት አይላ ወደ ልጅ ልጇ ወደ ኮራ ክፍል ስትገባ ትናንት የለሰነችው ስቱኮ ከግድግዳው ተላቆ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። እንደ ደረቀ ቂጣ ሙሉውን ነው የወረደው። ጉድጓዱ እንደገና አፉን ከፍቶ ያያታል። ሲወድቅ ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

ጉድጓዱ የቡጢ ልክ ነው። ቡጢው ደግሞ የልጇ የአርቪድ ነው። በመጋቢት አንድ ቀን ሰክሮ መጥቶ "ልጄን ልውሰድ" ሲላት በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍም አለችው፤ እሱም እናቱን ላለመምታት ግድግዳውን መታ። ያን ቀን ወጥቶ ከሄደ ወዲህ የት እንዳለ አታውቅም። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ወይዘሪት ፕሬስኮት ባለፈው ሳምንት መጥታ "ይሄ ምን ሆኖ ነው?" ስትላት ግን "ቁምሳጥን ስናዞር ተመታ" ብላ ነበር የመለሰችው።

ፕሬስኮት ጉድጓዱ ፊት ቆማ ብዙ ጻፈች። "ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት እመለሳለሁ። ክፍሉ ተስተካክሎ ካልጠበቀኝ ልጅቷ እዚህ ትቆይ ማለት አልችልም" አለች። ኮራ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ቤት ከወጣች ከአካባቢው የሚያስወጣውን ትልቁን ድልድይ ተሻግራ፣ የሰባት ሰዓት መንገድ በመኪና ተጉዛ የማታውቃቸው ሰዎች ዘንድ ነው የምታድረው። ማታ ማታ እንደምታስል ማን ይነግራቸዋል? መብራት ሲጠፋ እንደምትፈራስ?

አይላ ባልዲዋን አነሳች። ግድግዳው ቆሽሾ እንደሆነ ብላ ስቱኮው በወደቀ ቁጥር ታጥበዋለች። እናቷ ከፊንላንድ ይዛው የመጣችው ልማድ ነው፤ ግድግዳ በጥድ ሳሙና ይታጠባል፣ በውኃ ግን አይለቀለቅም። ከተለቀለቀ ሽታው ይሄዳል፤ ሽታው የሌለበት ቤት ደግሞ ታጠበ አይባልም። ይሄንን ክፍል አርባ ዓመት እንዲሁ አጥባዋለች።

አሽታ አሽታ ስትጨርስ ላቮይ በጓሮ በር ገባ። ጎረቤቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የጂፕሰም ቦርድ ሲገጥምና ስቱኮ ሲቀባ ኖሮ ጉልበቱ ሲከዳው ቤት የዋለ።

"ደግሞ ወደቀ?"

"ወደቀ። የሰጠኸኝ ስቱኮ የሞተ ነው።"

"ስቱኮዬን አትሳደቢ። ጋራዥ ውስጥ በረዶ መትቶት ይሆን ብዬ ትናንት በራሴ ግድግዳ ሞከርኩት። እንደ አማቴ ተጣብቆ አልላቀቅም ብሏል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ቀጥኖ ይሆናል ብዬ አወፈርኩት። ወፍሮ ይሆናል ብዬ በስስ በስሱ ደራረብኩት። ማሞቂያ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ምን ያላደረግኩት አለ?"

ላቮይ አየሩን አነፈነፈ። "ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ንጽሕና ነው። አንተ ቤት ስለሌለ አታውቀውም።"

ሳቀና አውራ ጣቱን ግድግዳው ላይ ጎትቶ ጣቶቹን አፋተገ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከቧንቧ በእፍኙ ውኃ አምጥቶ ግድግዳው ላይ ረጨ። ጠብታዎቹ ሳይሰርጉ እንደ ዶቃ እየተንከባለሉ ወረዱ።

"አየሽ? ቅባት ነው። ሳሙናሽ ዘይት አለው። ሳትለቀልቂው ነው የምትተይው?"

"እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።"

"እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የግንድ ቤት ውስጥ ነበር የምትኖረው። እንጨት ይሄን ይወዳል። ስቱኮ ግን ቅባት ላይ አይቆምም።"

አይላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በወደቀ ቁጥር ያጠበችው፣ ባጠበችው ቁጥር የወደቀው፣ አንድ በአንድ ትዝ አላት።

"ይስተካከላል?"

"ቦርዱን እስከሸፈነው ወረቀት ድረስ ፍቀን እንደ አዲስ መለሰን ነው። ቶሎ የሚደርቅ አለኝ። ተነሺ፣ እስኪ እንሞክር።"

የብርጭቆ ወረቀት ይዘው በጉድጓዱ ዙሪያ መፋቅ ጀመሩ። ኮራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱም ነጭ አቧራ ለብሰው ነበር። ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች።

"ሙሙ፣ አሁንም አልያዘም?" አያቷን እንዲህ ነው የምትጠራት።

"ይይዛል። አንቺ አቧራው ውስጥ አትግቢ፣ ያስልሻል። ካልሲሽ ረጥቧል፣ ቀይሪ።"

"ሐሙስ እኮ ነገ ነው።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ዓለም።"

ልጅቷ ሄደች። ላቮይ የቀለሙን ጫፍ ለማስተካከል ስፓቱላውን ከሥሩ ሲያስገባ ቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሳ። ትንሽ ቢስበው አንድ ክንድ ያህል ተገፈፈ። ቀለሙም የተቀባው በሳሙናው ላይ ነበርና የያዘው ነገር አልነበረም። አይላ "ተው፣ ተው" እያለች በመዳፏ ደግፋ ልትመልሰው ሞከረች። የዚያኛው ጎን ደግሞ በራሱ ጊዜ ወረደ።

ከሥሩ ሦስት ክብ ልስን ወጣ። የቆየ፣ ቢጫ ያዘለ፣ እያንዳንዱ የቡጢ ልክ።

አይላ አንዱን ዳሰሰችው። ይሄ ክፍል ድሮ የአርቪድ ነበር።

"ማን ነው የለሰነው?"

ላቮይ ስፓቱላውን በሱሪው ጠረገ። "ቶይቮ። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ። ስቱኮውን እኔ ነበርኩ የምሰጠው። ለአይላ እንዳትነግራት አለኝ፤ አልነገርኩሽም።"

"የኔ ባል ይሄን ሁሉ ደበቀኝ?"

"ሥራውን ተመልከቺ ግን። እስከ ወረቀቱ ፍቆ ነው የለሰነው። ሳሙናሽን ያውቀው ነበር።"

እስኪመሽ ለሰኑ። ግን ባንድ በኩል ሲይዝ በሌላው ቀለሙ እየተገፈፈ የተላጠው ቦታ ሰፋባቸው። "ሙሉው ካልተገፈፈ አይሆንም፤ የሦስት ቀን ሥራ ነው" አለ ላቮይ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ሐሙስ ጠዋት ፕሬስኮት ልክ በሦስት ሰዓት ደረሰች። ባለፈው ሳምንት የቡጢ ልክ የነበረው ጉዳት አሁን የጠረጴዛ ልክ ሆኗል።

"ይሄኛውን የቁምሳጥን ነው ብለውኝ ነበር" አለች ፕሬስኮት። እስክሪብቶዋ ወደ ጎን፣ ወደ ቢጫዎቹ ክቦች ሄደ። "እነዚህ ሦስቱስ?"

ኮሪደሩ ላይ የቆመው ላቮይ ጉሮሮውን ጠረገ። "የቤቱ መሠረት ሲሰምጥ ግድግዳው..."

"ተወው፣ ላቮይ" አለች አይላ። አራት ጊዜ የሚዞር ቁምሳጥን የለም። "የልጄ ናቸው። አራቱም።"

"ልጅዎ እዚህ ይመጣል?"

"ከመጋቢት ወዲህ አልመጣም።"

"ቁልፍ አለው?"

አይላ ቁልፉን አልተቀበለችውም። በክረምት በረዶ ውስጥ ውጭ ቢያድርስ ብላ ነው።

"አለው" አለች።

ፕሬስኮት አልተቆጣችም። ጉዳዩን የሚያየው ችሎት ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደሚሆን፣ እስከዚያ ልጅቷ ሌላ ቤት እንደምትቆይ ቀስ ብላ አስረዳች። አይላ ሻንጣውን አዘጋጀች። ሹራብ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ትንሿን የሌሊት መብራት። መብራቷን አውጥታ አበራቻት፤ እንደምትሠራ አይታ መልሳ ከተተቻት። ኮራ መኪናው ውስጥ ሆና "ሙሙ፣ ሲይዝ ትጠሪኛለሽ?" አለቻት። አይላ ጓንቷን እስከ ክንዷ እየሳበች "እጅሽ እንዳይበርድሽ" አለቻት።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ ላቮይ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

"ቁልፉን እንቀይረው?" አላት።

አልፋው ገባች። ባልዲዋን ከቧንቧው ሥር አድርጋ ሞላች። እጇ በልማድ ወደ ሳሙናው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ሳሙና የሌለበትን ውኃ ይዛ ወደ ክፍሉ ገባችና ጨርቁን ነክራ ከላይኛው ማዕዘን ጀምራ ግድግዳውን መለቅለቅ ጀመረች። ውኃው አሁንም እየተንከባለለ ይወርዳል።