የመምህር ይትባረክ ማሽን

«ማሽን ሲያቃስት ሰምቶ የሚነሣ፣
የእናቱን ለቅሶ ምን አድርጎ ረሳ።»

እማማ በየነች ይህን ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ሳሎኑን የሞላው ሴት ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ወሰንየለሽም አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ግን ከሌላው ጋር አልገጠመም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ሁለት እጆቿን ከነጠላው ሥር ደብቃ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። አማቷ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ነገር ባነሡ ቁጥር እጆቿን ይበልጥ ትሸሽጋለች። የሞተው የእሷ ባል ነው፤ ሰዉ የሚያለቅሰው ደግሞ ለአንድ ሌላ ሰው ነው። ያንን ሰው እሷ አታውቀውም።

«ጅማ ድረስ ተወስዶ ባለሙያ ያቃተው ማሽን እኮ ነው» አለች ማናልሞሽ፣ አጠገቧ ለተቀመጠች ለቅሶ ደራሽ በሹክሹክታ። ማናልሞሽ የአጥር ጎረቤት ናት፤ በእድሩም ሴቶቹን የምታዝዘው እሷ ናት። «መምህር በገዛ እጁ ፈትቶ አዳነው። ፊዚክስ አስተማሪ አይደል? ብርድ ልብሴን ሳይቀር አጥቦልኛል ማሽኑ፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«ሰው አይደለም፣ ጥበበኛ ነው የሞተው» አለች ሴትዮዋ።

ወሰንየለሽ ዐይኗን ጨፈነች። ያ ብርድ ልብስ ትዝ አላት። ይትባረክ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ሳፋ ውስጥ ቆሞ፣ ጭቃ እንደሚያቦካ ሰው ሲረግጠው ውሏል። ማታ ወገቡ አልቃና ብሎት በእሷ ትከሻ ተደግፎ ነው አልጋ ላይ የወጣው።

እማማ በየነች ዕንባቸውን ጠረጉና ወደ ምራታቸው ዞር አሉ። «ልጄ፣ ነገ ሰልስቱ ሲወጣ ባስልኤል ማሽኑን በአይሱዙው ይጭነዋል። መንታ የታቀፈች ሚስት አለችው፤ የጨርቁ ብዛት አይነገር። የወንድሙም የእጅ ሥራ ነው፣ ቤቱ ይግባለት። አንቺስ ከእንግዲህ ለአንድ ነፍስ ምን ያደርግልሻል?»

ባስልኤል የይትባረክ ታናሽ ነው፤ ቴፒ ላይ ቡና ይነግዳል። ወሬ አያበዛም። ለቅሶው ላይ እንኳ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ሲያይ ነው የከረመው።

«እማማ» አለች ወሰንየለሽ። «ማሽኑ ከዚህ ባይነሣስ?»

«ለምን ልጄ?»

ሴቶቹ ሁሉ አዩዋት። ከምትለው ነገር ይልቅ የማትለው በዛባት። ማሽኑ ቴፒ ደርሶ ሲፈታ ሆዱ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ታዲያ ልብሱን ሲያጥብ የኖረው ማነው? ከዚያ በኋላ የመምህር ይትባረክ ስም ከሚዛን እስከ ቴፒ የጠላ ቤት ሳቅ ይሆናል። እንደማትናገርም ምላለች፤ ያውም በምን።

«እንዲያው ነው» አለችና አቀረቀረች።

ማሽኑ የተገዛው ለእጆቿ ብሎ ነበር። ሳሙና በነካቸው ቁጥር ይሰነጠቃሉ፣ ይደማሉ፤ አማን ሆስፒታል ያያት ሐኪም ሳሙናና ውሃ አትንኪ ብሏታል። አጣቢ ቢቀጠር ደግሞ እማማ በየነች በገበያ ቀን ከሸዋ ቤንች በመጡ ቁጥር «ምራቴ ለባሏ ሸሚዝ ሰው ቀጠረች» ብለው መንደሩን ሊሞሉት ነው። ስለዚህ ይትባረክ ከተማውን ከሚለቅ አንድ ሠራተኛ ያገለገለ ማሽን ገዛ፤ ጓሮ በረንዳው ላይ በርሜል ሰቀለለት፣ ውሃው በቱቦ ቁልቁል እንዲወርድለት። ጥቂት ወራት አጠበ። ከዚያ አንድ ቀን የሄደ መብራት ኃይሉ በዝቶ ተመለሰና ቤቱን የተቃጠለ ሽታ ሞላው።

«ሞተሩ ነው። እኔው እሠራዋለሁ» አለ ይትባረክ። ለእሷ ብቻ ቢል ጥሩ ነበር። ለመምህራን ማረፊያ ክፍሉም፣ ለእድሩም፣ ለማዶዋ ባለሱቅ ለሱሀይላ ደንበኞችም አለ። ብሎኖቹን ጋዜጣ ላይ ደርድሮ ብዙ ከረመ። በመጨረሻ ሞተሩን ጅማ ወሰደው፤ የሞተር ሽቦ የሚጠመጥመው ሰውዬ አገላብጦ አየና «ይሄ አልቆለታል» አለው። ባዶውን ሻንጣ አንጠልጥሎ ሲመለስ ማናልሞሽ በር ላይ ጠበቀችው።

«ተሠራ መምህር?»

«ተሠራ።»

ቃሉ እንዴት እንዳመለጠው ራሱም አያውቅም። የጅማው ባለሙያ አቅቶት እሱ በገዛ እጁ እንዳዳነው ደግሞ መንደሩ ጨመረበት። ከዚያች ቃል በኋላ ግን ሁለቱም መውጫ አጡ።

በማግስቱ ይትባረክ የጓሮ በረንዳውን በር ከውስጥ ቀረቀረው። ወሰንየለሽ የማሽኑን ጉርምርምታ ስትሰማ ተገርማ በስንጥቁ አየች። ማዞሪያው ውሃ ማስወገጃው ላይ ነው፤ የሚያጉረመርመው ሞተሩ ሳይሆን ውሃ የሚተፋው ትንሹ ፓምፕ ነው፤ እሱ አልተቃጠለም። ባሏ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሳፋ በእግሮቹ መካከል አድርጎ፣ የእሷን ቀሚስ አንገትጌ ያሻል። ያደፈውን ውሃ ማሽኑ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ፓምፑ በቱቦው ወደ አጥሩ ሥር ይተፋዋል። ከአጥሩ ማዶ ሱሀይላ አረፋውን አይታ «ማሽናችሁ ሠራ፣ ማሻአላህ» ብላ ትጮሃለች። ወሰንየለሽ ከበሩ ጀርባ ሆና በሳቅ ፈረሰች።

ሲወጣ እሱ አልሳቀም። «ለሰው አልናገርም በይ። ይትባረክ ይሙት በይ።»

«ኧረ በእግዚአብሔር።»

«በይ፣ ወሰን።»

«ይትባረክ ይሙት» አለች።

አልተናገረችም። ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም አልተናገረችም። ሳትናገር ሞተ። አሁን ብትናገር መሐላው ማንን ይገድላል? ይህን ታስባለች፣ መልሳም ማሰቧን ትፈራዋለች።

ነገሩ በኩራት ተጀመረ እንጂ በኩራት አልቀጠለም። ኋላ ላይ፣ ገና ሲበላሽ ሞተር እንዲፈልግለት የነገረው አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ ተማሪው ተመሳሳይ ሞተር አገኘሁ ብሎ ሲደውልለት፣ ይትባረክ «ይቆይ፣ አሁን ደህና ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ለምን ስትለው የእጆቿን ጀርባ ገልብጦ አየና «ድነዋል እኮ» አለ። ፍቅሩን በአፉ ተናግሮላት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ይቀረቅራል፣ በቃ።

እሷም የራሷ ሥራ ነበራት። ሲጨርስ ጣቶቹ ተጨማደው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ርሶ ይወጣል። የተሰበሰበውን እጅጌ ታወርድለታለች፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን፣ የአንጓው ላይ ቁልፎችን ትቆልፋለች፤ ሰው ሲመጣ የረጠበ ክንዱን እንዳያይ። ቁስሉ ቢድንም ጣቶቿ ስለደነደኑ ትዘገያለች። እሱ በራሷ ላይ አሻግሮ እያየ ይጠብቃታል።

የመጨረሻው ቅዳሜ የሥራ ባልደረባው መምህር ገብረወልድ ለስብሰባ ሊጠራው በር አንኳኳ። ይትባረክ በሳሙና የተነከረ ሸሚዙን ማሽኑ ውስጥ ወርውሮ ዘጋው። የቀኝ እጅጌውን ቆለፈችለት። ግራውን ስትይዝ ገብረወልድ ደግሞ ተጣራ።

«ተዪው፣ መንገድ ላይ እቆልፈዋለሁ» ብሎ ወጣ።

የገበያው ዳገት ላይ ደከመኝ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሣም። የተሸከሙት ሰዎች ግራ እጅጌው ርሶ፣ ተከፍቶ እንደነበር አወሩ። ለቅሶ ቤቱ ይህንንም ተቀብሎ ተረጎመው፤ አንዱ የሞት ላብ ነው አለ፣ ሌላው ጠበል ቀምሶ ኖሯል አለ። ወሰንየለሽ ፍራሿ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ያ የሳሙና ውሃ ነበር።

የሰልስቱ ጠዋት ዝናቡ ጋብ አለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ቀማመሰ፤ ወንዶቹ ድንኳኑን ማፍረስ ጀመሩ። ወሰንየለሽን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ሽንት ቤት ሲያደርሷት በረንዳውን አልፋ ሄደች። ማሽኑ እንደቆመ ነው። በክቡ መስታወት በኩል የሸሚዙ ሰማያዊ ይታያል፤ በዚህ እርጥብ አገር ሻግቶ ይሆናል። ቆም ልትል ስትሞክር «ነይ፣ አትመልከቺው፣ ይብስብሻል» ብለው ጎተቷት። ፍራሹ ላይ መልሰው አስቀመጧት።

ብዙም ሳይቆይ አይሱዙው የኋሊት ወደ ግቢው ገባ።

«ውሃውን አፍስሰህ፣ ልብስም ካለበት አውጥተህ፣ ሞተሩንም መንገድ እንዳያናውጠው አጥብቀህ ጫነው» አሉት እማማ በየነች። ባስልኤል ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ።

ወሰንየለሽ ተነሣች። ገና በጉልበቷ ስትቆም የማናልሞሽ ከባድ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ወዴት እቴ?»

«አንዴ ጓሮ…»

«አሁን መጣሽ አይደል? ተቀመጪ። ሐዘንተኛ ተነሥቶ ዕቃ ሲያስጭን ያየሽው የት ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ማናልሞሽ፣ እባክሽ ልቀቂኝ።»

«አንቺን ለቅቄ እግዜርን ምን ልለው ነው? ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ዙሪያዋ ሁሉ ጉልበት ነው፤ በጥቁር ቀሚስ የተሸፈነ የሴት ጉልበት። በእነዚህ ሁሉ ደጎች መካከል አንዲትም ማለፊያ አልነበረችም። ማድረግ የቻለችው ማድመጥ ብቻ ነው። የጀርባው ቆርቆሮ ብሎኖች አንድ በአንድ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቁ ሰማች። ቆርቆሮው ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ሰማች። አሁን አይቶታል፤ ሞተር በነበረበት ቦታ የሸረሪት ድር። ከጀርባው የተሸጎጠውን በርጩማ አይቷል፣ ሳፋውን፣ አልቆ የሳሳውን ሳሙና። አሁን ይጣራል። «እማዬ፣ ነይ እዪ» ይላል። ወሰንየለሽ ጆሮዋን ልትይዝ ምንም አልቀራትም።

ባስልኤል አልተጣራም። የተሰማው የበረንዳው በር መቀርቀሪያ ነበር፤ ከውስጥ፣ ቀስ ተብሎ፣ እንደ ወትሮው።

ቀጥሎ ማሽኑ አጉረመረመ።

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። እማማ በየነች አገጫቸውን ይዘው ቀሩ። «ይሠራል እኮ» አሉ፣ «ልጄ አልጋው ባዶ ሆኖ ሥራው ይናገራል።» በዚህ መሃል ሱሀይላ ትኩስ ዳቦ ይዛ ገባችና «አረፋው በአጥሩ ሥር ወጣ» አለች፤ የምትለውን እንደጨረሰች ዳቦውን እንደያዘች አለቀሰች። ወሰንየለሽ ብቻ አላለቀሰችም። የምታደምጠው ሌላ ነገር ነበር፤ ከጉርምርምታው በታች፣ ለማያውቅ የማይሰማ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲታሽ።

ድምፁ ቆመ፤ ብሎኖቹ ተመልሰው ሲታሰሩ ተሰማ፤ ከዚያ ባስልኤል ወደ ሳሎኑ ገባ። እጆቹ ባዶ ናቸው። በክፍቱ በር በኩል ሰማያዊው ሸሚዝ በረንዳው ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል።

«አልጫንከውም እንዴ?» አሉት እናቱ።

«ከዚህ ቤት ከወጣ አይሠራም፣ እማዬ።»

«አሁን ሲሠራ አልሰማነውም?»

«ሰምታችኋል» አለ። «ወንድሜ ለዚህ ቤት ብሎ ነው ያበጀው። አያያዙን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ይቀመጥ።»

እማማ በየነች ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «እንግዲያስ ይቀመጥላት» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ መለሱ።

ባስልኤል ሊሰናበታት ፍራሹ ፊት ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ እግዜር ያጥናሽ» አላት። ዐይኑ ቀልቶ ነበር። እጅጌዎቹ እስከ ክርኑ ተሰብስበዋል፤ ክንዱ ርሷል፤ ክርኑ ላይ ያላየው ትንሽ የሳሙና አረፋ ቀርቷል።

ወሰንየለሽ ስትደብቃቸው የከረመቻቸውን እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። አረፋውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። የቀኝ እጅጌውን ወደ አንጓው አወረደችና ቆለፈችው።

ግራው እርጥብ ስለነበር ቁልፉ በቀዳዳው እምቢ አለ። ባስልኤል እጁን አልሳበም፤ በራሷ ላይ አሻግሮ ግድግዳውን እያየ ጠበቃት። ቁልፉ እስኪገባ ድረስ አልለቀቀችውም።