የተወለወለው ኤሌክትሮድ

ትሕትና ፊቷን ታጥባ ስትመለስ አባቷ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በአመድና በሎሚ ይወለውላሉ። በዓል ሲደርስ ጸናጽላቸውን ሁሌም እንዲህ ያብለጨልጩታል፤ ልብ ሳትል ልታልፍ ነበር። የያዙት ግን ጸናጽል አልነበረም።

"አባባ! እሱ እኮ የኔ ኤሌክትሮድ ነው!"

"አውቃለሁ እንጂ። ብርጭቆ ውስጥ ጠቁሮ አገኘሁት። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ፊት ልትቀርቢበት፣ ወርቁ ጥላሸት ለብሶ? ነውር አይደለም ልጄ?"

እርሳስ የሚያህለው የመለኪያ ዘንግ ጫፉ ላይ ያለችው ወርቅ ቦግ ብላለች። ትሕትና ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች።

ጥላሸት የተባለው የማስተርስ ሥራዋ ነበራ! ከፖሊመር፣ ከፕላስቲክ መሰል ነገር፣ የተሠራ ስስ ሽፋን። እርጥብ ጭቃ በሬ ሲረግጠው ኮቴው ይቀር የለ? እሷም ሽፋኑ ሲሠራ አንድ ፕሮቲን አብራ ከታ፣ ኋላ አጥባ አወጣችው፤ ቅርጹ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያ ፕሮቲን እንጂ ሌላው አይገጥምበትም። ፕሮቲኑ ኩላሊቱ መታመም የጀመረ ሰው ሽንት ውስጥ ይገኛል፤ በዚህም ሰውየው ገና ሳይሰማው ይታወቅለታል። የላቦራቶሪው ቁልፍ ያዥ ዛሬ ጠዋት ይጠፋብኛል ብላ ፈርታ ነው ትናንት ቤት ያመጣችው። ሌላ እንዳትሠራ ፕሮቲኑ አልቋል፤ እሱም ከውጭ አገር በስንት ልመና የመጣ ነው።

"እንዴት ነው ታዲያ?" አሉ አባቷ፣ ዘንጉን ወደ ፀሐይ አንስተው። ጣቶቻቸው በሎሚ ተጨማደዋል።

"ያምራል አባባ።"

ታናሿ መቅደላዊት ጓዳ ጎትታ አስገባቻት። "አንቺ፣ ንገሪያቸው እንጂ!"

"ምን ብዬ?"

"ሽንት ውስጥ የሚነከር ነው በያቸው፤ ራሳቸው ይወረውሩታል።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ጥምጥማቸውን አሳምረው የመመረቂያ ፈተናዋ ክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ጉብ አሉ። ትሕትና ራቁቱን የቀረውን ወርቅ የሽንት ናሙናው ውስጥ ነከረችው። ፕሮቲኑ ሲያዝ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ዝቅ ማለት ነበረበት። ንቅንቅ አላለም።

"ቀጥ ብሏል፣ ጎሽ!" አሉ አባቷ ለመቅደላዊት፣ ሹክ ያሉ መስሏቸው። ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሽፋኑ የታለ?"

ትሕትና አባቷን አየች። እሳቸው ወርቁን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ ማን እንዳጸዳው ንገሪያቸው ዓይነት፣ ፈገግ አሉላት። መቅደላዊት አፏን ልትከፍት ስትል ትሕትና በዓይኗ ገሠጸቻት።

"ደህና አድርጌ አልሠራሁትም መሰለኝ፤ ተላጠ" አለች።