የዝገት ባንድ ዜና መዋዕልና የሰርጢ ማሽላ

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ! የጥበብ ፍቅር ወደ ሰው ልብ ሲገባ አገር አይመርጥም፣ ዘመን አይጠብቅም፣ ደጅም አያንኳኳም፤ ወፍ የጣለችው የዋርካ ዘር ለም መስክ ሞልቶ ሳለ በግንብ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ በዚያው እንደሚያቆጠቁጥ፣ ይህም ፍቅር ማንም ባልጠራው ስፍራ ይበቅላል፤ የበቀለበትንም ግንብ አንዳንዴ ያስጌጠዋል፣ አንዳንዴ ይሰነጥቀዋል። ብዙዎች ፍሬውን በታላላቅ ከተሞችና በስመ ጥር አዳራሾች ይፈልጉታል፤ እኛ ግን የምንተርከው በቆላማው ወሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር እንደ ተረሳ ስልቻ በተቀመጠችው ገደባ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሦስት ወጣቶች ስለ ደከሙለት፣ ስለ ከበሩበትና ስለ ተለያዩበት የብረት ዜማ ነው።

ከሦስቱ አንዲቱ ዘርፌ ትባላለች። ትውልዷ ሰርጢ ነው፤ ሰርጢም ከገደባ በስተ ምሥራቅ፣ በክረምት ብቻ ከሚሞላው አሸዋማ ወንዝ ማዶ ያለች የማሽላ አገር ናት። አባቷ በልጅነቷ ስለ ሞተ እናቷ ወይዘሮ አመልማል የማሽላ ማሳቸውን በእኩል እያሳረሰች አሳደገቻት። ዘርፌ ስፌት ተምራ ወደ ገደባ ተሻገረች፤ በገበያው ጥግም የሙሽራ ቀሚስና የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች ትኖር ነበር። ከሱቋ ቀጥሎ ቁመተ ሎጋ፣ አንደበተ ቁጥብ የሆነ ደርበው የሚሉት በያጅ ነበረ። አንድ ቀን በቀትር፣ ፀሐይ አገሩን ሁሉ አስተኝታ ሳለ፣ ከብየዳው ቤት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ወጣ፤ ከጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር በፍላሽ ያመጣው፣ ነጎድጓድን በነጎድጓድ ላይ የሚደራርብ፣ መብረቅን በክር የሚያስር የባዕድ ዜማ ነበር። ገበያተኛው ጆሮውን ያዘ። እርሷ ግን መርፌው ከጨርቁ ሳይወጣ ተነሥታ፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው በደርበው በር ላይ ቆመች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሄቪ ሜታል ይሉታል። ከባድ ብረት ማለት ነው።»

«ብረትስ ብረት ነው፤ ግን ያለቅሳል» አለች ዘርፌ፤ ደርበውም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያንን ልቅሶ የሚሰማ እርሱ ብቻ ይመስለው ነበርና አንገቱን ደፋ።

በዚህ ተጀመረ። ደርበው ከደሴ ያገለገሉ ሁለት ጊታሮች አመጣ፤ ሙሄ የሚባል ሣቂተኛ የባጃጅ ሾፌርም በርሜል አስቆርጦ፣ ቆዳ አስወጥሮ፣ ከፊሉ ከበሮ ከፊሉ ድስት የሚመስል ድራም ሠራ። ባለ ወፍራም ክሩ ጊታር፣ ቤዝ የሚሉት፣ ለዘርፌ ደረሰ። መጀመሪያ ክሩን በጣቷ በነካችው ጊዜ ድምፁ በጆሮዋ ሳይሆን በጎድኗ ገባ፤ ገና ያልተወለደችበት ዘመን ከምድር በታች ሆኖ በስሟ የጠራት መሰላት፤ የብየዳው ቤት ቆርቆሮ፣ የተንጠለጠለው መጋዝ፣ የፈሰሰው ብናኝ ብረት ሁሉ በቀስታ ተንቀጥቅጦ «አቤት» ያለ መሰላት። ለባንዳቸው ስም ባወጡ ዕለት ሙሄ «የማይዝግ ብረት ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ የኛ ብረት ግን ይዝጋልና ዝገት ይባል» አለ፤ ዝገትም ተባሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የትዕግሥትና የውርደት ዓመታት ነበሩ። በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ባቀረቡት የመጀመሪያ ዝግጅት ሰው አንድ በአንድ እየወጣ፣ በመጨረሻ ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ብቻ ቀረ። በአንድ ሰርግ ተጠርተው ገና የመጀመሪያውን ዜማ ሳይጨርሱ የሙሽራው አጎት «ልጃችንን ልንድር እንጂ ልናስፈራራ አልመጣንም» ብሎ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለ። የከተማይቱ ሽማግሌ ሼህ ኑሩ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸውን የሚያለብስ፣ ቃላቸው በሸንጎ የሚፈራ ሰው፣ አንድ ቀን ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ብየዳው ቤት መጡና «ልጆቼ፣ ላሜ ከእናንተ ጩኸት የተነሣ ወተቷን ሰውራለች፤ እባካችሁ ወይ እናንተ ዝም በሉ ወይ ላሚቱን አሳምኑልኝ» አሏቸው። ወጣቶቹም ከኀፍረትና ከሣቅ መካከል ሆነው በቀትር ብቻ ሊጫወቱ ተስማሙ። ዘርፌ ግን አልከፋትም፤ ሰው የናቀው ነገር ለእርሷ እንደ ስውር ገነት ነበረና ቀን ስትሰፋ እንኳ እግሯ በስፌት መኪናው ላይ የሙሄን ምት ይመታ ነበር።

ኋላም ዘመነ አንበጣ መጣ። ከባሕር ማዶ፣ ከበረሃ የተነሣው መንጋ ሰማዩን እንደ ቢጫ ሻሽ ሸፈነው፤ ማሽላው እሸት በያዘበት፣ ገበሬው «ዘንድሮስ» ባለበት ሰሞን በገደባ ሜዳ ላይ አረፈ። ሴቱ ቆርቆሮ መታ፣ ወንዱ ጅራፍ አጮኸ፣ ይመጣል የተባለው መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ግን አልመጣም። በማለዳ ሼህ ኑሩ በብየዳው ቤት ደጅ ቆመው ታዩ። «ልጄ ደርበው» አሉ፤ ድምፃቸውም ተሰብሮ ነበር፤ «ላሜን ወተት የነሣትን ያንን ጩኸት ይዛችሁ ኑልኝ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ክንፉን ስታሞቀው፣ ያን ጊዜ እንዲነሣ አድርጉት።»

ድምፅ ማጉያውንና ጄኔሬተሩን በአይሱዙ ጭነው በማሳው ዳር ቆሙ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሙሄ ምቱን ጀመረ፣ ደርበው በጊታሩ ሰማዩን ሰነጠቀ፣ ዘርፌም ከምድር በታች ያለውን ያንን ጥልቅ ድምፅ አስነሣች። አስቀድሞ የማሽላው ራስ ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ ሜዳው ሁሉ እንደሚተነፍስ ደረት ከፍ አለ፤ ከዚያም እልፍ አእላፍ ክንፍ በአንድነት ብርሃን ሆኖ ተነሣ፣ እንደ ወርቅ ጢስ ተጥመልምሎ በላያቸው ተንሳፈፈ። እልልታው አገሩን ሞላው፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ያ የሰርጉ አጎት ሳይቀር በአይሱዙው ጎን ሲዘል ታየ። ዘርፌ በዚያ ሕልም መሰል ብርሃን ውስጥ ቆማ ሳለች፣ የምዕራቡ ነፋስ ያንን ወርቃማ ደመና ወደ ወንዙ ሲገፋው፣ ደመናውም አሸዋውን ተሻግሮ በሰርጢ ላይ ሲወርድ አየች። ማቆም ይገባት ነበር። ነገር ግን የገደባ ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ይወደው ነበርና ጣቶቿ እንቢ አሉ፤ ዜማውን እስከ ፍጻሜው ተጫወተችው። ብታቆምም መንጋው እንደማይመለስ ታውቃለች፤ ይህን ያሰበችው ግን ዜማው ካለቀ በኋላ ነው።

ሙሄ እስከ ወንዙ ዳር በባጃጁ አደረሳት። አሸዋውን በእግሯ ተሻግራ ስትደርስ የእናቷ ማሳ ቅጠል አልባ አገዳ ሆኖ ቆሟል፤ ወይዘሮ አመልማልም በዳሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መጣሽ?» አለች እናት። «ዛሬ ከወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ነጎድጓድ የመሰለ፣ ግን የሚያዜም። ዝናብ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።»

«እኛ ነን፣ እማ። እኔም ነበርኩበት።»

እናት ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ የትኛው ነበርሽ?»

«ከታች ከታች የሚሄደው።»

«ደስ ያለኝስ እርሱ ነበር» አለች ወይዘሮ አመልማል፤ ዘርፌም ከእግሯ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

ገደባ ግን ድግስ ደግሳ ሦስቱን በክብር ወንበር አስቀመጠቻቸው፤ ከሌሎች ወረዳዎችም መልእክተኞች እየመጡ ዝገትን ይለምኑ ጀመር። ዘርፌ ከወንበሯ ተነሥታ በሰርጢ የሆነውን ተናገረች። ደርበው ፊቱ ጠቆረ፤ «ነፋሱን እኔ አልነፈስሁትም» አላት፤ «ታዲያ የገደባ ማሽላ ሲበላ ዝም ብለን እንይ?» እርሷም «አልነፈስኸውም፤ ግን ወዴት እንደሚነፍስ አንዳችንም አልጠየቅንም» ብላ መለሰች። ሼህ ኑሩ ይህን ሰምተው የጎረሱትን እንኳ ሳይውጡ ተነሡ፤ «ያዳነን ነገር ጎረቤታችንን ከገደለ፣ ይህ ድግስ ለቅሶ ነው» አሉ። በአጨዳውም ወራት ከገደባ ሰው ማሽላ ሰብስበው፣ በግመል አስጭነው ወንዙን ተሻገሩ። ሁሉም አልሰጠም፤ የሰጠም ሁሉ በደስታ አልሰጠም፤ የሰርጢ ሰዎችም የተቀበሉት አንገታቸውን ሳይቀልሱ፣ ምርቃትም ሳይጨምሩ ነበር፤ ግን ተቀበሉት፣ ያንን በጋም ማንም አገሩን ጥሎ አልተሰደደም።

ዝገት ግን አንድ ሆኖ አልቀጠለም። ደርበው የዝገትን ስም ይዞ፣ ከሌላ ቤዝ ተጫዋች ጋር አንበጣ ባለበት ወረዳ ሁሉ እየዞረ ከበረ፤ አንበጣው ሲጠፋ ጠሪውም ጠፋና ወደ አዳማ ወርዶ በብየዳ ሥራው ኖረ። ሙሄ ከሁለቱም ጋር መሆን ስለ ወደደ ከሁለቱም ጋር መሆን አልቻለም፤ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። ዘርፌ የስፌት መኪናዋንና ቤዝ ጊታሯን ወደ ሰርጢ አሻገረች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ጸጥታ፣ እናቷ «እስኪ ያንን ከታች የሚሄደውን አሰሚኝ» አለቻት። መብራት የለም፣ ማጉያ የለም፤ ክሩ ብቻውን ሲመታ ከሹክሹክታ አያልፍም። ወይዘሮ አመልማልም ጎንበስ ብላ ጉንጯን በጊታሩ እንጨት ላይ አሳረፈች፣ ዓይኗንም ከደነች፤ ልጅም ቀስ እያለች ተጫወተችላት፤ ሁለቱም ጥላው እስኪረዝም አልተነሡም። ከወንዙ ወዲህ ያለውን እልልታ ሰምቶ ከወንዙ ወዲያ ያለውን ዋይታ ያልጠየቀ ሰው፣ ዜማውን በሙሉ ሰማሁት አይበል።