የጨለማ ክፍሉ መቀርቀሪያ

አባትና ልጅ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሲነታረኩ መዋል ልማዳቸው ነው። አባት የፊልም ሰው፣ ልጅ የዲጂታል። «ያንቺ ካሜራ ሺህ ያነሳል እንጂ አንዱን አያስቀርም፤ ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅም» ይላታል። እሷ መች ልትተኛለት! «ተረቱ ሞኝና ወረቀት ነው አባዬ፤ ሞኙን ለምን ዘለልከው?»

እናት ከሞተች ወዲህ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። የወጣትነት ፎቶዋማ ግድግዳውን ሞልቶታል። ሽበቷን፣ ያን በእጇ አፏን ሸፍና የምትስቀውን ሳቅ የያዘው የልጅት ስልክ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሌባ ከነፎቶው ይዞት እብስ አለ። አሁን የቀረቻቸው አንዲት ጥቅል ፊልም ብቻ ናት። እናት ከመታመሟ በፊት አባት ጓሮ ውስጥ አንስቷት፣ «ፊልም ሳይሞላ አይወጣም» ብሎ አሮጌው ካሜራ ውስጥ እንዳስቀመጣት ቀረች።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺው እጠቢያት» አላት።

ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ከቁም ሳጥን አይሰፋም። በሩ ከውስጥ የብረት መቀርቀሪያ አለው። ያስገጠመው አባት ነው፤ ምን ያድርግ፣ እናት «ምሳ ቀርቧል!» እያለች በሩን ወለል አድርጋ እየከፈተች፣ ብርሃን አስገብታ የስንቱን ሰው የሠርግ ፊልም አቃጥላበታለች! በዚህ ሰበብ የተጣሉት ጥል ለጎረቤትም ይተርፍ ነበር።

ልጅት ቀረቀረች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ፊልሙን በዳበሳ ጠመጠመች። ብርሃን የማያስገባው ማጠቢያ ጣሳ ውስጥ ከትታ ክዳኑን ላንሳ ስትል ክርኗ የማጠቢያውን አሲድ ጠርሙስ መታው። ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረ፤ ክዳኑም ተንከባሎ ጠፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ምን አይታ ትልቀም? ተንበርክካ ወለሉን ብትዳብስ እርጥብና ስባሪ ብቻ። ሽታው ጉሮሮዋን ያዘው። አስሟ ተነሳባት። ፊልሙን ጠቅልላ ከብርሃን እንዳትሸሽግበት የለበሰችው ስስ ቀሚስ ነው። ቢብስብኝ እወጣለሁ ብላ መቀርቀሪያውን ብትስበው፣ ወይ ፍንክች! ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው።

«ምንድን ነው የሚያስልሽ?» አለ አባት ከውጭ።

«አሲድ ፈሰሰ... መቀርቀሪያው እምቢ አለኝ።»

«ከሥሩ ትንሽ ምላስ አለችው፤ እሷን ወደ ላይ ግፊያት።»

«አላገኘኋትም!»

«መብራቱን ወይ አዲሱን ስልክሽን አታበሪም?»

«ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ግን ጣሳው አልተከደነም፣ አባዬ። እማዬ እኮ ናት እዚህ ያለችው!»

በሩን በትከሻው ገፋው፤ በዚያ ዕድሜ የት ሊያደርሰው! የልጅት ሳል እየቀጠነ ሄደ። ጣሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ምን ይዋጠኝ እያለች ነው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ። «ይህን በር በከፈተች ቁጥር ስንቴ ጮኼባታለሁ። ዛሬም እሷ ከፈተችው በይ። አብሪው!»

ስልኳን አበራች። ፊልሙ ጣሳው ውስጥ ብልጭ አለ። አይኗን ከሱ አሽሽታ የመቀርቀሪያውን ምላስ ወደ ላይ ገፋች፤ በሩ ተበርግዶ አባቷ ላይ ወደቀች።

«አጠፋኋት» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስላት።

«ዝም በይ፤ ተንፍሺ።»

ወለሉን ጠርገው፣ ክፍሉን አናፍሰው ሲያበቁ፣ «ጨርሺያት፤ ሥራ በእንጥልጥል አይተውም» አላት። አጠበቻት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃኑ እንደ ከሰል ያጠቆራት ፊልም ወጣች። አባት መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ በብርሃኑ ላይ ዘርግቶ፣ በጣቶቹ ቀስ እያለ አሳለፋት፤ አንዱንም ቦታ አልዘለለም።

«ምን ይታይሃል?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«በሩ ላይ ቆማለች። ምሳ ቀርቧል እያለች ነው።»

ልጅት መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ዛሬስ እንዳትጮህባት» አለችው።

«አልጮህም» አለ።