የሳኪየም ነጥብ

አንድ ስም ብቻ ነው ያለኝ ስል ያመነኝ የለም። ፖኒራህ። እናቴ ያወጣችልኝ እሱን ነው፤ ጎድሎብኝም አያውቅ። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ሁለተኛ ስም ካልተሞላ ሲስተሙ አያሳልፍም» አለችና ባዶው ቦታ ላይ ነጥብ አስቀመጠች። ለታናሽ እህቴ ለሳኪየምም እንዲሁ። በከተማችን በክላተን ያለን ሽማግሌና አሮጊት፣ በአንድ ስም ስለኖርን፣ ሁላችንም ላይ ነጥብ ተለጠፈብን።

ያንን ሲስተም ከሚንከባከቡት አንዷ የልጅ ልጄ ላራስ ናት። እሷና እኩዮቿ ሁለት ሦስት ስም አላቸው።

ሳኪየም ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ይዣት ስደርስ ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቶ ቆመ።

«የማይስማማቸው መድኃኒት አለ?»

«አለ እንጂ! አንዴ ወግታችኋት ከሞት ነው የተረፈችው።»

«የትኛው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? እናንተው ጽፋችሁታል።»

«እንግዲያው ካርዳቸውን ሳላይ አልወጋም» አለ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ የሳኪየምን ስም ጻፈች። ስክሪኑ ላይ ያቺ ጠብቁ የምትል ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ላራስን ጠሯት፤ እየሮጠች መጣች። አያቷ ስለሆንኩ ምባህ ነው የምትለኝ።

«ጠዋት እኮ ሞክሬዋለሁ፣ ምባህ! ወዲያው ነበር የሚከፍተው።»

«በማን ስም ሞከርሽው?»

«በራሴ።»

«እንግዲያስ በሷ ፈንታ አንቺ ታመሚ!»

ዘጋችው፣ ከፈተችው። ክቧ መዞሯን አልተወችም። ካርዱ ሲከፈት የሳኪየም እጅ እጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።

ላራስ ምክንያቱን ያገኘችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ለሰባተኛው ቀን ጸሎት ሩዙን በሙዝ ቅጠል እየጠቀለልን ነገረችኝ። ሲስተሙ ሰውን የሚፈልገው በሁለተኛ ስሙ ነው አሉ። ሁለት ስም ያለውን ቶሎ ያገኘዋል። ነጥብ ያለብንን ግን አንድ ላይ ከምሮናል፤ ሳኪየምን ለማግኘት ያንን ሁሉ ክምር ሲያገላብጥ ነው የቆየው።

«አሁን በመጀመሪያ ስምና በመንደር እንዲፈልግ አድርጌዋለሁ፤ ይዩት» ብላ ስልኳ ላይ የሳኪየምን ስም ጻፈች። እውነትም ዓይኔን ከድኜ ሳልገልጥ ከፈተው።

«ለማን ነው የከፈተው?» አልኳት።

አለቀሰች። አላባበልኳትም፤ እንባዋ ሩዙ ላይ እንዳይወርድ ቅርጫቱን ከፊቷ ሳብኩት። ከእህቴ ስም ጎን ያቺ ነጥብ አሁንም አለች፣ ዝንብ ያረፈችበት ይመስል።

«አንሺልኝ።»

«ምባህ፣ ባዶ ከሆነ እኮ አይቀበልም።»

«የምታዢው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እንዲቀበል አድርጊው! መጀመሪያ የሷን፣ ቀጥሎ የኔን። ነጥብ ተሸክሜ እዚያ ሆስፒታል አልተኛም። ተነሺ ልጄ፣ ሩዙን እኔ እጠቀልለዋለሁ።»